ለሽምግልና የተወለወለ መሪ

የኔን መኪና ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። ዲኤክስ ናት። ዕድሜዋን አልናገርባትም፤ እሷም የኔን አትናገርብኝም። ጠዋት ከቡራዩ አዲስ አበባ ሥራ ታደርሰኛለች፣ ማታ ትመልሰኛለች። በመሃል ዳገት ስታይ ታጉረመርማለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ እሷ ከውጭ እኔ ከውስጥ እኩል እንረጥባለን። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት መሪዋን ነው።

ከኔ በፊት የነበሩት ባለቤቷ በደህናው ዘመን መሪውን ቆዳ አሰፍተውለት ነበር። ቆዳው እኔ ዘንድ ሲደርስ ተሰነጣጥቆ፣ ተልጦ፣ ከላይ በኩል አመድማ ሆኗል። ቢሮ ስገባ መዳፌ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ስለማይጠፋ፣ ሰው ሰላም ከማለቴ በፊት እጄን ሱሪዬ ላይ መጥረግ ልማድ ሆነብኝ። ባለቤቴ ትዕግስት የመሪ ልብስ መንገድ ላይ እንደሚሸጥ፣ አንዱን ገዝቼ ባለብሰው ነገሩ በዚያው እንደሚያልቅ በየጊዜው ትነግረኛለች። እኔ ግን የመሪ ልብስ አልወድም። የታመመን ነገር ሸፍኖ ማስቀመጥ ሕክምና አይደለም እያልኩ ስፈላሰፍ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ትዕግስት ክርክሩን ትታ ሱሪዎቼን ማጠቧን ብቻ ቀጠለች።

ነገሩ የከረረው ታናሽ ወንድሜ ሄኖክ ላግባ ሲል ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ ሄኖክን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እሱ ራሱን እንዳሳደገ ነው የሚናገረው፤ ሽማግሌ መላክ ሲመጣ ግን ታላቅ ወንድም እንዳለው ትዝ አለው። ልጅቷ ለሊሴ ትባላለች፣ ነርስ ናት። አባቷ ኦቦ ዳባ ሱሉልታ ላይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ላሞች አሏቸው፣ ፈረሶች አሏቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደንብ አላቸው። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን፣ በንግግር መሃል የአንዱ ስልክ ጮኸ ብለው በመጡበት እግራቸው መልሰዋቸዋል። ለሊሴ ሄኖክን ትወደዋለች፤ ነገር ግን አባቴ እምቢ ካለ እኔም የለሁበትም ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ ያለን ዕድል አንድ እሁድ ብቻ ነበር።

ለሊሴ አንድ ምክር ላከችልን። አባቷ እንግዳ ሲመጣባቸው ከሰውየው በፊት የፈረሱን ልጓም ነው አሉ የሚያዩት። ልጓሙን ያላጸዳ ሰው ትዳር አይዝም ባይ ናቸው። ሄኖክ ይህን ሲነግረኝ፣ እኛ እኮ በፈረስ አንሄድም ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የምንሄደው በዲኤክስ ነው፤ ኦቦ ዳባ ሽማግሌዎቹን እስከ መኪናው መሸኘታቸው አይቀርም፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በመስኮት ያዩና ያ የተላጠ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። የዲኤክስ ልጓም ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው፣ ከኔ ሳሎን የጸዳ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ አሮጌ መሪ አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ አዲስ ያደርጋል። እኔ ቪዲዮ አይቼ የማልሠራው ነገር የለም፤ ሠርቼ የሚሠራልኝ ነው የጠፋው። ሰውየው መሪውን ከመኪናው ላይ አልፈታውም። እኔ ፈታሁት። ለምን ብትሉኝ መፍታት በራሱ ሥራ የጀመሩ ያህል ደስ ይላል። መሃሉ ላይ ያለውን ትልቅ ዳዶ አላቅቄ፣ መሪውን ነቅዬ፣ አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ ተስፈንጥራ ወንበር ሥር ስትገባ አይቼ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ ብዬ ግቢ ወረድኩ።

አጠብኩት፣ ፈተግኩት፣ ከልጆቹ ካልሲ ጎን ገመድ ላይ ሰቀልኩት። እስከዚህ ድረስ ሥራው የቪዲዮው ሰው ራሱ ቢያየው የሚያፍርበት አልነበረም። ችግሩ ቀለም ላይ መጣ። ቡራዩ ውስጥ የመሪ ቀለም የሚባል ነገር ጠየቅኩ፤ አንዱ ባለሱቅ የግድግዳ ቀለም አወጣልኝ፣ ሌላዋ የፀጉር ቀለም አሳየችኝና ሽበት በደንብ እንደሚይዝ አስረዳችኝ። ያኔ ነው ሐሳብ የመጣልኝ። መሪው ቆዳ ነው፤ ጫማም ቆዳ ነው፤ ቆዳ የሚቀባ ሰው ደግሞ ሊስትሮ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣልኝ የሚያስቆመኝ ሰው አጠገቤ አይኖርም። ትዕግስት ገበያ ሄዳ ነበር።

ጎበዝ ሊስትሮ ያለው ታክሲ ተራው ጋ ነው። መኪናዬ መሪ ስለሌላት መሪዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ በታክሲ ሄድኩ። ጋዜጣው ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ ተቀደደ። ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበለኝ ዞር ሲል እቅፌን አየና፣ ጋሼ ቀሪው የት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። ቤት ነው አልኩት። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ፣ ካልደበረዎት ከፊት ይምጡና ተራ በተራ እንነዳለን አለ። ታክሲው በሙሉ ሲስቅ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ግን አልሳቁም፤ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። ከመኪና ላይ መሪ ነቅሎ የሚሄድ ሰው ከቦርሳ ላይ ምን እንደሚነቅል አይታወቅም። አልፈርድባቸውም።

ሊስትሮው ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ደንበኛ የማይመልስ ሰው ነው። መሪውን እግር የሚቀመጥበት ሳጥን ላይ አስቀመጥኩለት። ግራ ቀኙን አየውና ጥቁር ቀለም እንዳለቀበት፣ ቡኒ ግን እንዳለው ነገረኝ። ቡኒ ሲባል ወደ ቀይ የሚያደላ፣ የባለሥልጣን ጫማ የሚመስል ቡኒ ነው። ወደድኩት። በላይ በላዩ ይድገመው ብዬ አስጨነቅኩት። ቀለም፣ ከዚያ ክሬም፣ ከዚያ ጨርቅ፣ እንደገና ቀለም። ዙሪያችንን የቆመው ሰው እየበዛ መጣና መሪ አንድ እግር ነው ወይስ እንደ ጥንድ ነው የሚታሰበው በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። በጥንድ ተስማማን። መሪው በመጨረሻ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ አበራ፤ ያየሁት ፊት በጣም የረካ ሰው ፊት ነበር።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ እጅ ላይ እንዳይለቅ በላዩ የሚቀባ ሌላ ነገር እንዳለ ለካ ተናግሯል። ያንን ክፍል ዘልዬዋለሁ። ማስታወቂያ መስሎኝ ነው።

ቤት ስደርስ መሪውን መልሼ አሰርኩት። ሲታሰር ጥርሱን ስቼው ኖሯል፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትቆም መሪው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። እንደገና መፍታት ሰለቸኝ። ስፕሪንጓንም ወንበር ሥር በእጄ ዳብሼ አጣኋት፤ አንዲት ስፕሪንግ መቼም መኪና አታቆምም አልኩ። እስከ ግቢው በር ነድቼ ሞከርኩ፤ መንገዱ በቀኝ ስለሆነ ወደ ቀኝ ብቻ ዞርኩ። ምንም እንከን አላየሁም።

እሁድ ጠዋት ልንነሳ ስንል ሦስተኛው ሽማግሌ ጉልበቴን ያዘኝ ብለው ላኩ። የቀሩት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ በየነና የገፈርሳው ኦቦ ቱሉ ነበሩ። ሁለት ሽማግሌ ይዞ ኦቦ ዳባ ደጅ መቆም ስልክ ከማስጮህ አይሻልም። አቶ በየነ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ ሦስተኛው አንተ ነህ አሉ። እኔ ሹፌር ነበርኩ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነበር። ትዕግስት ከሳጥን ውስጥ ነጭ ጋቢ አውጥታ አለበሰችኝ። አቶ በየነ ደግሞ ትእዛዝ ሰጡኝ፤ እነሱ ሲናገሩ አንገቴን እየነቀነቅኩ እቆማለሁ እንጂ አንዲት ቃል ከአፌ እንዳትወጣ።

እኔ ስፈራ ፊቴ አይለወጥም፤ እጄ ነው የሚያልበው። ተማሪ ሳለሁ የፈተና ወረቀቴ ይርስ ነበር። ሄኖክ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሸሚዙን ያለወትሮው ተኩሶ ለብሶ፣ በመስኮት አጎንብሶ በርታ ሲለኝ መዳፌ ላቡን ማፍሰስ ጀመረ።

አስኮ ስንደርስ ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ መኪናዋ ክላክስ ነፋች። እኔ አልነካኋትም። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ወደ ግራ ስዞር ደግማ ነፋች። ስፕሪንጓ ለምን እንደምታገለግል ያኔ ገባኝ። አቶ በየነ ማንን ነው የምትጠራው አሉኝ። ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዊንጌት ላይ አደባባይ አለ፤ አደባባይ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግራ ነው። ያንን አደባባይ በአንድ ረጅም ጩኸት ዞርነው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችን ያየች አንዲት ሴት ከእግረኛው መንገድ ላይ እልል አለችልን። ኦቦ ቱሉ ከኋላ ወንበር በእጃቸው አመሰገኗት።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ማርሽ ልቀይር እጄን አነሳሁና መዳፌን አየሁት። ከእጅ አንጓዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ቀይ ቡኒ ሆኗል። ሌላኛውም እንደዚያው። መኪናዋን አቁሜ በመሐረብ ጠረግኩ፣ በውሃ ታጠብኩ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅሜ ፈተግኩ። ያ ሊስትሮ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መሪው ላይ ያልያዘው ቀለም እኔ ላይ ጥርት ብሎ ይዟል። ጥፍሮቼ ሳይቀሩ ዳር ዳራቸው ተኩሎ ነበር። አቶ በየነ እጄን ሲያዩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኔ ራቅ አሉ።

የኦቦ ዳባ ግቢ በስተግራ ነው። በሩን ከሩቅ ሳየው እግሬ ፍሬን ላይ ወጣ። የሰው ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ በዝምታና በትሕትና ነው ደጅ የሚቆመው፤ ክላክስ እየነፋ የሚገባው ሙሽራዋን ሊወስድ የመጣ አጀብ ነው። ስለዚህ አንድ ብልሃት ዘየድኩ። በሩን አልፌ ሄጄ፣ ዞሬ፣ ከወዲያ በኩል ብመጣ በሩ በቀኝ ይሆናል። አቶ በየነም አሁን ገና አሰብክ አሉኝ። በሩን በጸጥታ አለፍነው። ለመዞር ግን ወደ ግራ መዞር ነበረብኝ፤ መንገዱ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ወደፊት ወደኋላ እያልኩ ብዙ ጊዜ ዞርኩ። ውሾች ጮኹ፣ ጎረቤት በር ከፈተ፣ ልጆች ሙሽራ መጣ እያሉ ከኋላችን ሮጡ። በመጨረሻ በቀኝ በኩል ጭጭ ብለን ስንገባ፣ ኦቦ ዳባ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ከኦቦ ቱሉ ጋር አካም ቡልተኒ ተባብለው፣ ስለ ከብቱና ስለ እህሉ በኦሮምኛ ተጠያይቀው፣ አቶ በየነን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እኔ የማውቀው አንድ መፍትሔ ብቻ ነው፤ ምግብ የነካ ወይም ጭቃ የያዘው ሰው እንደሚያደርገው እጄን ጨብጬ አንጓዬን ዘረጋሁላቸው። ኦቦ ዳባ አንጓዬን አይተው ፈገግ አሉና፣ እኛ ቤት የእንግዳ እጅ አይቆሽሽም ብለው ጭብጤን ፈልቅቀው መዳፌን በሁለት እጃቸው ያዙት። አቅፈው ትከሻቸውን ሲሰጡኝ ደግሞ ያ የቀረው ግራ እጄ፣ ከልማዱ ወጥቶ አያውቅም፣ ጀርባቸው ላይ አረፈ። ሳነሳው አምስት ጣት ሙሉውን ጋቢያቸው ላይ ቀርቷል።

ቤት ገባን። ተቀመጡ ተባልን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ማለትም እነሱ አሉ፣ እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ። አቶ በየነ የመጣነው ለልጃችን ለሄኖክ ልጃችሁን ለሊሴን እንድትሰጡን ልንለምን ነው ብለው ባማረ አነጋገር ጀመሩ። እኔ እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ነበር፤ ጋቢው ግን ነጭ ነውና ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ መዝለቅ ጀመረ። ጥግ ላይ የተቀመጡት የኦቦ ዳባ ታላቅ እህት አደ ብርቄ ጋቢዬን አዩ፣ ከዚያ የወንድማቸውን መዳፍ አዩ፣ ከዚያ ጀርባቸውን አዩ።

"ይሄ እንሶስላ አይደለም እንዴ?" አሉ።

የአቶ በየነ ንግግር ተቋረጠ። እንሶስላ የምትቀባው ሙሽራዋ ናት፤ ያውም ተጠይቃ፣ ተፈቅዳ፣ ሠርጓ ሲደርስ። ገና ልመናው ሳያልቅ ለማኙ ራሱ እጁን እንሶስላ ነክሮ፣ በክላክስ ታጅቦ መምጣቱ በየትኛውም ደንብ የለም። ኦቦ ዳባ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ገልብጠው ተመለከቱት። ቀይ ቡኒ ነው፣ ያማረ ነው፣ እኩል ይዟል።

አቶ በየነ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። "እንሶስላ አይደለም አባቴ፣ የመኪና መሪ ነው" አልኩ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። የልጓሙን ወሬ፣ ቪዲዮውን፣ ታክሲውን፣ ሊስትሮውን፣ ስፕሪንጓን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሄኖክ ምንም እንደማያውቅ፣ ልጓሙ እንዲያምር ብዬ ራሴ እንዳበላሸሁት ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ኦቦ ዳባ ሰምተው ጨረሱ፣ ከወንበራቸው ተነሱና ወጡ።

ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ሄኖክ በተኮሰው ሸሚዝ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜን በጫማ ቀለም ሚስት አሳጣሁት ብዬ እንባዬ መጣ። ዓይኔን ልጠርግ እጄን አነሳሁና ትዝ ሲለኝ መልሼ አወረድኩት። እንባ እንኳ እንደ ሰው መጥረግ የማልችል ሆንኩ።

ያኔ ከውጭ የመኪና ክላክስ ተሰማ። ትንሽ ዝም አለና ደገመ። ከዚያ ረጅም አድርጎ ነፋ። አቶ በየነና ኦቦ ቱሉ ተያዩ። ኦቦ ዳባ የኔ መኪና ውስጥ ገብተው መሪዋን ወደ ግራ እያዞሩ ነበር።

ሲመለሱ ሁለቱም እጃቸው ቀይ ነበር። ቆመው ጥቂት አሰቡ።

"ደንባችን በመጀመሪያው ቀን መልስ መስጠት አይፈቅድም። ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ፣ እኔም ዘመድ እጠይቃለሁ" አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ለሁላችንም አሳዩን። "እናንተ ግን አጀቡን አስጮሃችሁ መጣችሁ፤ እንሶስላውን ለልጅቷ አባት ቀባችሁት። እኔ ምን ቀረኝና ነው የማስበው? ቶሌ፣ እሺ ብያለሁ። ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። አደ ብርቄ ማስታጠቢያ ይዘው መጥተው ውሃ ሲያፈሱልኝ፣ ሳፋው የሊስትሮ ሳጥን መሰለ። ሲሸኙን ኦቦ ዳባ እንደፈራሁት በመስኮት አጎንብሰው አዩ። ልጓሙ መልካም ነው፣ ፈረሷ ግን ምግብ ያንሳታል አሉኝ።

በማግሥቱ መካኒክ ጋ ሄድኩ። መሪውን ፈቶ አቃናው፤ ለክላክሱ የሚሆን ስፕሪንግ እስኪገኝ ብሎ ሽቦውን ነቀለልኝ። ትዕግስት ደግሞ የመሪ ልብስ ገዝታ መጥታ ራሷ አለበሰችው። ስለ ሕክምና አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሄኖክ በኔ ዲኤክስ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪናዎች ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ክላክሳቸውን እየነፉ ሰማዩን ቀደዱት። ከፊት የምትመራው የኔዋ ብቻ ዝም ብላለች፤ ስፕሪንጓን ነገ ዛሬ እያልኩ ሳልገዛት ቀርቻለሁ። የኦቦ ዳባ በር ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ጭጭ።

ኦቦ ዳባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የለበሱት ያንኑ ጋቢ ነው፤ አደ ብርቄ ቢያጥቡት ቢያጥቡት የአምስቱ ጣት አሻራ ጀርባው ላይ አልጠፋም። ወደ መስኮቴ መጥተው አጎነበሱ፣ መኪናዋን ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ዛሬ ነበር እኮ የሚነፋው" አሉ።

ሄኖክ ከኋላ ወንበር ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔም መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩ፣ አንገቴን አወጣሁና ሱሉልታ እስኪሰማ ድረስ በአፌ ነፋሁላቸው።